ጫልቱን ከቤት ያስወጣች ቃል

አምስተኛ ክፍል እያለሁ የእንግሊዝኛ ቃል የማጠራቅምበት አንድ ደብተር ነበረኝ። አምቦ ላይ ክረምቱ ሲገባና እርጥብ ባሕር ዛፍ ግቢውን ሲያውደው፣ ሰኞ ማክሰኞ የምንጫወትበት መሬት ጭቃ ይሆንብንና ደብተሬን ይዤ ጫልቱ በር ላይ እቀመጣለሁ። ጫልቱ ከግቢያችን አንዲት ክፍል የተከራየች፣ ገበያው አጠገብ ልብስ የምትሰፋ ልጅ ናት። ያኔ ሃያ ሁለት ዓመት ቢሆናት ነው። ጠዋት ጠዋት «አካም ቡልተን፣ እትዬ አስካለ!» ብላ እናቴን ሳትጠይቅ ከግቢ አትወጣም። ስትመለስ ደግሞ ለአሻንጉሊቴ ቁርጥራጭ ጨርቅ ታመጣልኛለች።

አንድ ቃል ብዙ ትርጉም ሲኖረው ደስ ይለኝ ነበር። «ፖዘቲቭ»ን ያስጻፈችኝ እሷ ናት። በሒሳብ ከዜሮ በላይ ያለ ቁጥር ነው፤ ስለ ሰው ሲሆን በጎ በጎውን የሚያስብ ማለት ነው። ሦስተኛውን ትርጉም ግን ማንም አላስጻፈኝም፤ ከሰፈር ሹክሹክታ የለቀምኩት ነው። «እገሊት ፖዘቲቭ ናት» ከተባለ ኤች አይ ቪ በደሟ አለ ማለት እንደሆነ፣ የምትጠጣበት ብርጭቆም ለብቻው እንደሚቀመጥ አውቅ ነበር።

አንድ ቅዳሜ ጫልቱ ልብስ ልታሰጣ ስትወጣ፣ አልጋዋ ላይ የሐኪም ቤት ማኅተም ያለበት ወረቀት አየሁ። ስሟ አለ፤ ቀጥሎ አንዲት የእንግሊዝኛ ፊደል፤ ከዚያ «ፖዘቲቭ» ይላል። ደነገጥኩ። እውነቱን ልናገርና፣ ማንበብ በመቻሌ ኮራሁም። ሮጬ ለእናቴ ነገርኳት።

«በዓይንሽ አይተሻል?» አለችኝ ድምጿን ዝቅ አድርጋ።

«አዎ እማዬ። ፖዘቲቭ ይላል።»

እናቴ ክፉ ሴት አልነበረችም። ግን ከዚያን ቀን ጀምሮ የጫልቱ ብርጭቆ ለብቻው ተቀመጠ፤ እኔም በሯ ላይ እንዳልቀመጥ ተከለከልኩ። በሳምንቱ እናቴ ጠራቻትና «ከገጠር ዘመድ ሊመጣብን ነው፤ ቤቱን እንፈልገዋለን» አለቻት።

«እሺ፣ እትዬ» አለች ጫልቱ። 

ፍራሿንና የስፌት መኪናዋን ጋሪ ላይ ጭና፣ ቤተሰቦቿ ወዳሉበት ጌዶ ልትሄድ ስትወጣ መስኮት ላይ ሆኜ አየኋት። እጇን አውለበለበችልኝ። መጋረጃውን ዘጋሁት። ዘመድ የተባለው ሰው አልመጣም፤ ክፍሏም ብዙ ጊዜ ባዶዋን ከረመች።

ስምንተኛ ክፍል ስደርስ መምህራችን ሰሌዳው ላይ የደም ዓይነቶችን ጻፈ። ኤ ፖዘቲቭ፣ ቢ ፖዘቲቭ፣ ኦ ፖዘቲቭ። ጫልቱ ወረቀት ላይ የነበረችው ፊደል «ቢ» ነበረች። ከዚያ በኋላ መምህሩ ምን እንዳለ አልሰማሁም።

ቤት ገብቼ ስነግራት እናቴ ከቆመችበት ቁጭ አለች። «ከአፍ ከወጣ አፋፍ» አለች፤ እኔን ይሁን ራሷን የምትወቅሰው አልገባኝም። በቀጣዩ የገበያ ቀን ጌዶ ሄድን። እየጠየቅን ሄደን ጫልቱን አንድ በረንዳ ላይ ስትሰፋ አገኘናት። ከስታለች። ስታየን ተነሥታ ወንበሯን ለእናቴ ለቀቀችላት። እናቴ እያለቀሰች አንድም ሳታስቀር ነገረቻት።

ጫልቱ የያዘችውን ጨርቅ ስታጥፍና ስትዘረጋ ቆየች። «የተመረመርኩት ለወንድሜ ሚስት ደም ልሰጥ ነበር፤ ስትወልድ ብዙ ደም ፈሷት» አለች በመጨረሻ። ከዚያ ፈገግ ለማለት ሞከረች። «እኔ እኮ ካውያ ስለማበዛ፣ መብራት ፈጅቼባችሁ ያስወጣችሁኝ መስሎኝ ነበር። እዚህ እንደመጣሁ የከሰል ካውያ ገዛሁ።»

እናቴ እግሯ ላይ ልትወድቅ ስትል «ኧረ ይተዉ፣ እትዬ» ብላ ያዘቻት። እኔን «አድገሻል» ብቻ አለችኝ።

ያኔ ጥፋቴ ያችን ፊደል አለማስተዋል ብቻ ይመስለኝ ነበር። ዛሬ ግን ሌላም እጠይቃለሁ፦ ያነበብኩት ልክ ቢሆንስ ኖሮ? ያ ብርጭቆ ለብቻው መቀመጥ ነበረበት?

አሁን እሷ ያኔ በነበረችበት ዕድሜ ላይ ነኝ፤ አዲስ ዓለም አንዲት ክፍል ተከራይቼ እኖራለሁ። አከራዬ አንድ ጠዋት ሰላምታዬን ሳይመልሱልኝ ካለፉ፣ ምን አጥፍቼ ይሆን እያልኩ ቀኑን ሙሉ እብሰለሰላለሁ። እኔን እንዲህ የሚከብደኝ የአንድ ቀን ሐሳብ ነው። ጫልቱ ሦስት ዓመት ኖራበታለች።