አልጠፋም ያለው የሣር ማጨጃ

ይህ የደረሰብኝ ባለፈው ዓመት፣ መስቀል ካለፈ በኋላ ነው፤ እዚሁ መርሳ፣ ግቢያችን ውስጥ። እስካሁን የንብ ድምፅ ስሰማ ሰውነቴን ይነዝረኛል። የማልረሳው ግን በአባቴ ምክንያት ነው።

ጋራዥ ነው የምሠራው። እህቴ ከአዲስ አበባ በባትሪ የሚሠራ የሣር ማጨጃ ላከችልኝ። ረጅም ዘንግ ነው፤ ጫፉ ላይ የናይለን ክር እየተሽከረከረ ሣሩን ይቆርጠዋል። ገመድ የለው፣ ቤንዚን አይጠይቅ። እኔ ደግሞ አዲስ ዕቃ እጄ ከገባ ሳልነካካው አላድርም። ማስነሻውን ከለቀቁት ይጠፋል፤ ጨምቆ መያዝ ጣቴን ሲያደክመኝ፣ ከአሮጌ የጎማ ከመነዳሪ በቆረጥኩት ላስቲክ ጥፍር አድርጌ አሰርኩት። ጋራዥ ውስጥ በላስቲክ የማናስረው ነገር የለም።

አባቴ ታመው ግራ ጎናቸው አልታዘዝ ካላቸው ወዲህ ብቻቸውን አይራመዱም። ያን ቀን ጠዋት ፀሐይ እንዲሞቁ ግቢው መሐል ወንበር ላይ አስቀምጬ ጋቢ ደረብኩላቸው። ከዚያ እያጨድኩ ወደ ቆርቆሮው አጥር ተጠጋሁ። ከአጥሩ ወዲያ የጎረቤታችን የሰይድ ቀፎዎች አሉ፤ ማሩ ገና አልተቆረጠም። ማሽኑ ብዙ ስለማይጮህ ንቦቹ ምንም አይሉም ብዬ ነበር። ምን ዋጋ አለው፣ ክሩ ቆርቆሮውን ሲመታው አጥሩ በሙሉ ተንቀጠቀጠ። አንዱ ቀፎ ለካ ቆርቆሮው ላይ ተደግፎ ኖሯል።

መጀመሪያ አንዷ ጆሮዬን ነደፈችኝ። ቀና ስል በአጥሩ ላይ ግር ብለው እየመጡ ነው። ማሽኑን ወርውሬ ወደ አባቴ ሮጥኩ። ተሸክሜያቸው ልገባ ጎንበስ ስል ወንበሩ ተገለበጠና አብረን ወደቅን። ጋቢውን ከራስ እስከ እግር አለበስኳቸውና ላያቸው ላይ ተኛሁ። ጋቢው ከፊታቸው እየሸሸ ሲያስቸግረኝ ደጋግሜ መልሼ አለበስኳቸው።

ማሽኑ ግን አልጠፋም። ያሰርኩት ላስቲክ ይዞት፣ አጥሩ ሥር እየዘለለ ቆርቆሮውን ይደበድባል። በደበደበ ቁጥር ሌላ ንብ ይመጣል። ሄጄ እንዳላጠፋው እሳቸውን ጥዬ ነው፤ እንዳልቀር ንቡ ሊጨርሰን ነው። ያ የደከመ ሰውነታቸው ይህን ሁሉ መርዝ አይችልም። “ሰይድ፣ ድረስልን” እያልኩ ጮህኩ።

“ተነሥ፣ አንተ ሂድ” አሉኝ አባቴ ከጋቢው ሥር።

“ዝም ይበሉ፣ አፍዎን ይሸፍኑ” አልኳቸው በቁጣ።

ሰይድ ፊቱን በፎጣ ጠቅልሎ፣ የሚጨስ ኩበት በአካፋ ይዞ ገባ። “ባትሪውን ንቀለው” አልኩት፤ የት እንዳለ ከየት ይወቀው። ማሽኑን በዘንጉ አንሥቶ እንዳለ ውኃ በርሜል ውስጥ ዶለው። ያኔ ፀጥ አለ። ከዚያ በጭሱ እየተከላከለልን አባቴን ተጋግዘን ቤት አስገባናቸው።

ጋቢውን ስገልጥ ክው አልኩ። የእኔ ጀርባና እጅ ተነድፏል፤ ማጅራቴ ግን ደህና ነው። የእሳቸው ፊት አብጦ ዓይናቸው ተደፍኗል። ለካ እኔ ባለበስኳቸው ቁጥር፣ በደህናው እጃቸው ጋቢውን ከራሳቸው ላይ እየሳቡ የእኔን ጭንቅላት ሲሸፍኑ ነበር።

“ምን ነካዎት አባባ? እኔ እኮ ለእርስዎ ብዬ ነው” ብዬ ጮህኩባቸው።

“ልጄ አይደለህም እንዴ?” አሉኝ ባበጠ ከንፈራቸው።

በባጃጅ ጤና ጣቢያ አድርሰናቸው መርፌ ተወጉ። ትንፋሻቸውን እያዳመጥኩ አጠገባቸው ዋልኩ። እግዚአብሔር ይመስገን፣ ተረፉ።

ከታመሙ ወዲህ ሳጎርሳቸውና ሳለብሳቸው፣ እኔ አባት እሳቸው ልጅ የሆንን ይመስለኝ ነበር። አሁን እንደዚያ አላስብም። ፀጉሬ ሸብቷል፤ ዛሬም ግን አባት አለኝ።