ለኋላ ወንበሮች የተረጎምኩት ፊልም

ሚስቴ ሳታውቀው ሞተች። ልጆቼም አያውቁትም። በረመዷን እጄን ዘርግቼ ዱዓ ሳደርግ እንኳ “ያንን ነገር” እያልኩ ሸፋፍኜ ነው የማልፈው፤ አላህ የማያውቀው ይመስል። እናንተን አላውቃችሁም፣ እናንተም አታውቁኝም። ስለዚህ ለእናንተ ልናገር።

በደርግ ጊዜ፣ ዛሬ ጭሮ በምንላት በአሰበ ተፈሪ፣ ፊልም ተርጓሚ ነበርኩ። ትልቅ ማዕረግ እንዳይመስላችሁ። ከተዘረጋው አቡጀዲ አጠገብ ማይክሮፎን ይዤ እቆምና ፈረንጆቹ የሚሉትን መጀመሪያ በአማርኛ፣ ቀጥዬ በኦሮምኛ አሰማለሁ። እንግሊዝኛዬ ከሰላምታ አያልፍም፤ ግን ማን ጠየቀኝ? ሰውየው ከተቆጣ እቆጣለሁ፣ ሴትዮዋ ካለቀሰች ድምፄን አለሰልሳለሁ። በገበያ ቀን፣ ከሰዓት በኋላ፣ የአዳራሹ መስኮቶች በብርድ ልብስ ይሸፈናሉ። ከፊት የመንግሥት ሠራተኛውና መምህራኑ፣ ከኋላ ከየገጠሩ ለገበያ የወጣው ሰው ይቀመጣል። የፊቶቹ አማርኛዬን፣ የኋላዎቹ ኦሮምኛዬን ይጠብቃሉ። የጄኔሬተሩ ጩኸት፣ ከእግር ሥር የሚንኮሻኮሸው የሸንኮራ ልጣጭ፣ የኋላዎቹ በሳቅ ሲፈርሱ ደረቴን የሚሞላው ደስታ! ያን አዳራሽ ዛሬም እናፍቀዋለሁ። እዚያ ውስጥ ያን ሁሉ ጥፋት አጥፍቼ መናፈቄ አያሳፍርም? ያሳፍራል፤ ግን እናፍቀዋለሁ።

መምህር ደምሴ ከጎጃም ተመድበው የመጡ የታሪክ አስተማሪ ነበሩ። ኦሮምኛ ከሰላምታ በቀር አያውቁም፤ ገጠር ሲወጡ እኔን ይዘው ይሄዳሉ። ከከተማው ወጣ ብሎ፣ ወደ አሰቦት በሚወስደው መንገድ በኩል፣ ኦቦ ዩያ ከሚባሉ ሽማግሌ ገበሬ ማሳ በላይ አንድ ዋሻ ነበር። ግድግዳው ላይ ረጃጅም ቀንድ ያላቸው ላሞች በቀይ ቀለም ተስለዋል። እኛ የአገሩ ልጆች ዝናብ ሲመጣ የምንጠለልበት ዋሻ ነበር፤ ሌላ ምንም አልነበረም። መምህር ደምሴ ግን ሲገቡ ባርኔጣቸውን ያወልቃሉ። የባልጩት ስባሪ ከመሬት አንስተው እጄ ላይ ያስቀምጡና፣ “እየው ጀማል፤ ይህን የጠረበው ሰውዬ እንዳንተው ጣት ነበረው” ይሉኛል። አጥኚዎች ከአዲስ አበባ መጥተው እስኪያዩት ድረስ ሰው እንዳይነካው ጭንቀታቸው እሱ ብቻ ነበር።

ሕዝቡ የዋሻውን ክብር እንዲያውቅ ብለው ስለ ጥንት ሰዎች የተሠራ ፊልም ከአዲስ አበባ ተውሰው አመጡ። መጀመሪያ ሁለታችን ብቻችንን አየነው። ቤት የሚያህል እንሽላሊት ሰዎችን እያባረረ ሲውጥ መምህሩ ጭንቅላታቸውን ይዘው ሳቁ።

“ይህ አውሬ እኮ ሰው ከመፈጠሩ ስንትና ስንት ዘመን በፊት ነው ያለቀው! ሴትዮዋንስ አየሃት? ዋሻ ውስጥ እየኖረች ቅንድቧን ተቀንድባለች! የለበሱትንም ቆዳ የገበያ ልብስ ሰፊ የሰፋው ይመስላል።”

“ታዲያ ይቅር፣ ጋሼ?” አልኳቸው።

“ለምን ይቀራል? ፊልሙ ቢዋሽ አንተ አለህ” አሉኝ።

ከዚያ በየቦታው ምን እንደምል አስጠኑኝ። መጨረሻው ላይ፣ በቆዳ የተጠቀለለ ሬሳ ዋሻ ውስጥ የሚቀበርበት ቦታ ሲደርስ ድምፃቸው ተለወጠ። ሙታንን መቅበር የጥንት ሰዎች በእርግጥ ያደርጉት የነበረ ነገር ነው፣ ፊልሙ እውነት የተናገረው እዚህ ብቻ ነው አሉኝ። “ይህችን አደራ” አሉ። ወላሂ አንድ ቃል አልጨምርም ብዬ ማልኩላቸው።

ቀኑ ደረሰ። ስለ እንሽላሊቱ እርማቱን በአማርኛ ስናገር ፊት ወንበር ላይ ያሉት ሳቁ፣ አጨበጨቡ። በኦሮምኛ ስደግመው ግን የኋላው ሰው ዝም አለ። አውሬ ሰው ሲያሳድድ እያየ “ይህ ውሸት ነው” የሚለውን ማን ይወዳል? የጫት ሰዓትም ደርሶ ነበር። ዱላቸውን አንስተው መውጣት ጀመሩ። አንዱ ከበሩ ላይ ዞሮ፣ “ጀማል ዛሬ አሞታል እንዴ?” ብሎ በኦሮምኛ ጮኸ። ፊቴ ጋለ። በሕይወቴ ሰው ጥሎኝ ወጥቶ አያውቅም ነበር።

የቀብሩ ቦታ መጣ። “የሞተባቸውን ሰው በክብር እየቀበሩ ነው” አልኩ በአማርኛ። ቀጥዬ በኦሮምኛ፣ “ብር እየቀበሩ ነው፤ ዋሻው ከኦቦ ዩያ ማሳ በላይ እንዳለው ያለ ነው” አልኩ።

አመለጠኝ እንዳልል ማምለጫ የለኝም። ወርቅ ልል ነበር፤ ወርቅ ግን በኦሮምኛም ወርቄ ስለሆነ መምህሩ ይሰሙኛል ብዬ ሜቲ አልኩ፣ ብር ማለት ነው። መርጬ ነው የዋሸሁት። በእኛ አገር ደግሞ ጠገራ ብር መቅበር የአባት የአያት ልማድ ነው፤ ሰው እንደሚያምነኝ አውቃለሁ። ሊወጡ የነበሩት ተመለሱ። አዳራሹ ጸጥ አለ፣ ከዚያ አጉረመረመ። መምህር ደምሴ ከፊት ወንበር ዞረው አይተዋቸው፣ ፊታቸው በርቶ፣ “ገባቸው! ጀማል፣ ገባቸው!” አሉኝ። እኔም ፈገግ አልኩላቸው።

ካፍ ከወጣ አፋፍ ይባላል። በሳምንቱ ዋሻው በዶማ ተገለባብጦ ነበር። ከግድግዳው ኋላ ክፍት ቦታ ያለ መስሏቸው እሳት አንድደው ዓለቱን ሰንጥቀውታል። ከላሞቹ የተረፈው አንድ ቀንድና የጀርባ ቁራጭ ነው። ባልጩቱ ከአፈሩ ጋር ተዝቆ ገደል ገብቷል። መምህሩ መሬት ላይ ቁጭ አሉ። ቀና ሲሉ ኦቦ ዩያን አይተው፣ “አባቴ፣ ለምን እንዲህ አደረጋችሁ? ጠይቅልኝ ጀማል” አሉ።

ጠየቅኩ። ሽማግሌው ግራ ተጋብተው አዩኝ።

“አቱመ ኑቲ ሂምቴ” አሉኝ። አንተው ራስህ ነግረኸን ማለታቸው ነው።

“ምን አሉ?” አሉ መምህሩ።

“ፊልሙ ላይ አይተን ነው ይላሉ” ብዬ ተረጎምኩ።

መምህር ደምሴ በተረፈው ቀንድ ላይ ያረፈውን ጥላሸት በጣታቸው ጠረጉ። “እኔ ነኝ” አሉ። “ውሸታም ፊልም መሆኑን እያወቅኩ ያመጣሁት እኔ ነኝ።” ኦቦ ዩያን አቅፈው ይቅርታ ጠየቁ፤ ያንንም ተረጎምኩ። የዚያን ዓመት ትምህርት እንዳለቀ ተዛውረው ሄዱ። አውቶቡስ ተራ የሸኘኋቸው እኔ ነኝ፣ ሻንጣቸውን የተሸከምኩት እኔ ነኝ። እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ሲባል በሰማሁ ቁጥር ያንገበግበኛል፤ የእኔ እውነት ከእኔ አፍ ካልወጣ ከየት ይጠራል?

ደርግ ሊወድቅ ሲቃረብ አዲስ አበባ ላይ አገኘኋቸው። ፀጉራቸው ነጥቷል፤ ታሪክ ማስተማር ትተው የትምህርት ቤት ንብረት ክፍል ይሠራሉ። “ልጆች ፊት ቆሜ ስለ ጥንት ሰው ማውራት አልሆንልህ አለኝ” አሉ። ቀጥለውም፣ “ለመሆኑ የአገሩ ሰው ዋሻውን ሲያነሳ እኔን ይረግመኛል?” ብለው ጠየቁኝ።

በመካከላችን ማንም አልነበረም። ለመናገር ሌላ ቋንቋ አላስፈለገኝም።

“ይቅር ብለውዎታል፣ ጋሼ” አልኳቸው።

እንባቸው መጣ። ትከሻዬን ሳሙኝ። “እግዚአብሔር ይስጥህ፣ ከላዬ ሸክም አነሳህልኝ” አሉኝ። ምሳ ጋበዙኝ። በላሁ።

ልጅ ነበርኩ አልልም፤ ያን ቀን ምሳ ስበላ የልጆች አባት ነበርኩ። አፉ በሉኝ ለማለትም አፌ አይደፍርም። መምህር ደምሴ፣ በሕይወት ካሉና ይህ ከደረሰዎት፣ ይህን ብቻ ይወቁልኝ፤ ዋሻውን ያጠፋሁት እኔ ነኝ። እርስዎ ምንም አላጠፉም።