በቀይ ክር የተሰፋው ጆንያ

ታናሽ እህቴ ትዕግሥት ከዲላ ስትደውል ድንች እየላጥሁ ነበር። የቤተ ክርስቲያናችን ኢዮቤልዩ ሊከበር ነው፣ የመዘምራኑም ታሪክ በመጽሐፍ ሊወጣ ነው አለችኝ። ደስ አለኝ። ቀጥላ ድምጿን ዝቅ አደረገች።

«እታለም፣ ስላንቺ ‹በገዛ ፈቃዷ አገልግሎቱን ተወች› ብለው ጽፈዋል። ብጠይቃቸው ሌላ ነገር የሚያስታውስ ሰው የለም አሉኝ።»

ቢላዋውን አስቀመጥሁ። ሃምሳ ዓመት ያለፋት፣ በየማለዳው ተንበርክካ የምትጸልይ ሴት እንዲህ መንደዷ ያሳፍራል። ግን ነደድሁ፤ ይኸው እስካሁን አልበረደልኝም።

የአሥራ ሰባት ዓመት ልጅ ነበርሁ። ወሩ ኅዳር ነው፤ ከዲላ ወጣ ብሎ፣ ጪጩ ከሚባለው መንደር አጠገብ ባለችው ማሳችን፣ በእንሰቱ ጥላ ሥር፣ ቡናው ቀልቶ ቅርንጫፉ ጎብጧል። አባታችን ካረፈ ወዲህ የምንለቅመው እናቴና እኔ ነበርን። ቅዳሜ የለቀምነውን ሊወስድ የነበረው መኪና ያልታሰበ ዝናብ ጥሎ ጭቃ ይዞት ቀረ። እሸት ቡና ደግሞ ቀጠሮ አያውቅም፤ ካደረ ይሞቃል፣ ይኮመጥጣል፣ የቡና ማጠቢያ ጣቢያው አይቀበለውም። እሁድ ጠዋት እናቴ በወባ ትንቀጠቀጣለች። የተረፈች ቆጮ ቆርሼ ጎረስሁና ጆንያውን ተሸክሜ ወደ ማጠቢያው ወረድሁ።

ሰልፉ ረጅም ነበር። ከፊቴ ያለው ጆንያ አፉ በቀይ ክር ተሰፍቷል። የጋሽ በራሶ ነው፤ የቤተ ክርስቲያናችን ሽማግሌ ናቸው፣ ቀይ ክር ምልክታቸው መሆኑን አገር ያውቃል። ያመጣው ሠራተኛቸው ነበር። የዝማሬ ጓደኛዬ አስቴር ወደ ጸሎት ስትሄድ አየችኝና መጥታ እዚያው ጆንያ ላይ ዘፍ አለች።

«አንቺ፣ ዛሬ ለቡናው ነው እንዴ የምትዘምሪው?»

«ተነሽ፣ ነጠላሽን ታቆሽሺዋለሽ!»

«የሽማግሌ ጆንያ ይባርከኛል እንጂ አያቆሽሸኝም!»

ሰልፈኛው ሁሉ ሳቀ።

በሳምንቱ ጋሽ በራሶ በጉባኤው ፊት አስቆሙኝ። «እህታችን ሰንበትን ለቡና ሸጣለች» አሉ። እኔም ቀና ብዬ ጠየቅኋቸው።

«ጋሼ፣ የእርስዎስ ጆንያ ከፊቴ አልነበረም?»

«የእኔ ቡና ሰንበት ያከብራል። ይህች ልጅ ጭራሽ ውሸት ጨመረችበት!»

ወደ አስቴር ዞርሁ። አንገቷን ደፋች። ከዝማሬ ታግጄ ወደ ኋላ ወንበር ተላክሁ፤ የታገደ የሚቀመጠው እዚያ ነው። እናቴ ከፊት ተነሥታ መጥታ አጠገቤ ተቀመጠች። እኔ ለትምህርት አገር ለቅቄ ከሄድሁ በኋላም እስክትሞት ከዚያ ወንበር አልተነሣችም። «በገዛ ፈቃዷ» የሚሉት እንግዲህ ይህን ነው።

ዛሬ ደሴ ነርስ ነኝ። ያ እሁድ ለምን እንዳልለቀቀኝ የገባኝ በሙያዬ ነው። ሰው ሲደነግጥ ወይም ሲያፍር ከኩላሊቶቹ በላይ ያሉት እጢዎች አድሬናሊን ይረጫሉ፤ ልብ ይደልቃል፤ አንጎልም «ይህን አጥብቀህ ያዝ» የተባለ ይመስል ያቺን ሰዓት ያትማታል። ተራ ቀን ግን ሌላ ተራ ቀን ይደረብበትና ይጠፋል። በዚህ ስጽናና ኖርሁ፦ ለእነሱ ተራ እሁድ ነበር፣ ቢረሱት አይፈረድባቸውም እያልሁ።

አሁን ግን አልጽናናም። አንገቱን የሚደፋ ሰው ልቡ ይመታል! ልብ የመታለትን ደግሞ አንጎል በቀላሉ አይጥልም። ያ ሁሉ ሰው ባንድ ጊዜ ረሳ ብላችሁ አታሞኙኝ።

እርግጥ እኔም መጠንቀቅ አለብኝ። ጽኑ ትዝታ ሁሉ እውነተኛ አይደለም፤ ሰው እርግጠኛ ሆኖም ይሳሳታል። የክሩ ቅላት ዛሬም ዓይኔ ላይ ነው፤ የለበስሁት ቀሚስ ግን ጠፍቶብኛል። ስለዚህ የእኔ ቃል ብቻ ይጻፍ አልልም። ጋሽ በራሶ አርፈዋል፤ እሳቸውን ለጌታ ትቻለሁ። ያልተውሁት የእናቴን ወንበር ነው።

በዚያ ሰልፍ የነበራችሁ፣ መጽሐፉ ሳይታተም ያያችሁትን ተናገሩ። ካልነበረ አልነበረም በሉ፣ እቀበላለሁ። አንቺ ደግሞ አስቴር፣ ይቅርታ ጠይቂኝ አልልሽም። አንድ ነገር ብቻ ንገሪያቸው፤ ያን ቀን የተቀመጥሽው የማን ጆንያ ላይ ነበር?