የመደርደሪያው እግሮች

የዚያ ቤት ልጅነት በመዶሻ ድምፅ የሚለካ ነበር። ጫማ ሠሪው ጠዋት ሱቁን ከከፈተ ጀምሮ እስኪዘጋ ድረስ ጠቅ፣ ጠቅ፣ ጠቅ ሲያደርግ ይውላል። ሚስማሮቹን በከንፈሮቹ መካከል ይደረድርና አንዱን በምላሱ ገፋ አድርጎ አውጥቶ፣ በሁለት ምት ተረከዙ ውስጥ ያሰምጠዋል። ሴት ልጁ ከመጋረጃው በስተጀርባ ባለችው ክፍል ሆና ድምፁን እንደ ሰዓት ታዳምጠው ነበር፤ ከበድ ያለው ምት ሶል ነው፣ ፈጠን ያለው ተረከዝ ነው፣ ለስለስ ያለው ደግሞ ገና ባልደረቀ ማስቲሽ ላይ የሚያርፍ ነው።

ስለዚህ የሰባት ዓመት ልጅ ሳለች፣ አንድ ቀን ከቀትር በኋላ መዶሻው በድንገት ጸጥ ሲል፣ አንድ ነገር መድረሱን የሚነግራት ሰው አላስፈለጋትም። መጋረጃውን ገለጥ አደረገች። አባቷ ቆሟል። አንዲት የማታውቃት ሴት በፎጣ የተጠቀለለ ነገር አስታቅፋው፣ ዞር ብላ እንኳ ሳታይ ከበሩ ወጣች። ፎጣው አለቀሰ። እናቷ እጇን በቀሚሷ እያደረቀች ከጓዳ መጣችና አየች፤ አንድም ጥያቄ ሳትጠይቅ ተቀበለችው።

ጫማ ሠሪው ወደ ሴት ልጁ ጎንበስ አለ።

«ወንድምሽ ነው» አላት።

«እሺ።»

«ከየት መጣ ብሎ የሚጠይቅሽ ቢኖርስ?»

ልጅቷ ትንሽ አሰበች። «ከእናቴ ሆድ።»

«ጎበዝ! በይ አሁን መዶሻዬን አቀብዪኝ።»

አቀበለችው። ጠቅ፣ ጠቅ፣ ጠቅ ማለቱ ቀጠለ። ወር ሳይሞላ ሱቁንም ቤቱንም ነቅለው ወደ ሌላ ሰፈር ተዛወሩ። በአዲሱ ሰፈር የጫማ ሠሪው ቤተሰብ አባት፣ እናት፣ ሴት ልጅና ወንድ ልጅ ተብሎ ታወቀ። ጫማ ሠሪውም ሁለቱን ለየብቻ ጠርቶ አያውቅም፤ ራት ሲቀርብም፣ ሲቆጣም፣ ሲመርቅም «ልጆቼ!» ነው የሚለው፤ በአንድ ጥሪ ሁለቱም ይመጣሉ። ነገሩ በዚያው ተዘጋ። ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነውና፣ ልጅቷ ሆድ ይፍጀው ብላ ሃምሳ አንድ ዓመት ያዘችው።

ዛሬ አባትም እናትም የሉም፤ ሱቁ የእሷ ነው። የሰፈሩ ሰው ወስፌ ይላታል። ስሙ የወጣላት ቆዳ በምትበሳበት መሣሪያ ይሁን ወይስ በምላሷ፣ ዛሬም ድረስ የሚያከራክር ጉዳይ ነው።

«ይሄ ጫማ ይድናል ወስፌ?» ይላታል ደንበኛው።

«ጫማውስ ይድናል፤ የማይድነው አረማመድህ ነው።»

በወጣትነቷ አንድ ደህና ሰው ለጋብቻ ጠይቋት ነበር። «መዶሻውን ብትተዪው እንደ ንግሥት አኖርሻለሁ» አላት። መዶሻውን ሳይሆን እሱን ተወችው። የአባቷ እጅ መንቀጥቀጥ ሲጀምር የሥራ ወንበሩ ላይ የተቀመጠችው እሷ ናት፤ ወንድሟም ተምሮ ፋርማሲስት የሆነው በዚሁ ወንበር ነው። ሴት ጫማ ሠሪ አይተን አናውቅም ያሉ ሁሉ ከጊዜ በኋላ ጫማቸውን በጋዜጣ ጠቅልለው መጡ። እሷም አንዳቸውንም አልመለሰች፤ ብቻ ሲወጡ «አሁንስ አያችሁ?» ሳትላቸው አትቀርም።

ከወንበሩ በላይ አንድ መደርደሪያ አለ። በላዩ ላይ ጫማ የሚወጠርባቸው የእንጨት እግሮች ተደርድረዋል፤ ባለሙያዎቹ ፎርማ ይሏቸዋል። የቤተሰቡን ፎርማ ጫማ ሠሪው በገዛ እጁ ነበር የሚቀርጸው። የራሱ እግር እንደ ዳክዬ እግር ሰፊ፣ መሐሉ መሬት የነካ፣ አውራ ጣቱ ከሌሎቹ ጋር የተኳረፈ ይመስል ለብቻው የራቀ ነበር። አጠገቡ ያለው የወስፌ ፎርማ የእሱ ታናሽ ግልባጭ ነው። ሦስተኛው ግን ቀጭን፣ ረጅም፣ መሐሉ እንደ ድልድይ ከፍ ያለ ነው።

ያ ሦስተኛው ፎርማ እንዴት እንደ ተቀረጸ ወስፌ ትናንት የሆነ ያህል ታስታውሰዋለች። ወንድሟ አምስት ዓመት ሲሞላው፣ አባቷ የመጀመሪያ የቆዳ ጫማውን የሠራለት በእሷ አሮጌ ፎርማ ላይ ነበር። የአባት ምኞት ይሆናል፤ የልጁ እግር የቤቱን እግር ይመስል ብሎ። ልጁ ሁለት ሳምንት አነከሰ፤ ተረከዙ ውሃ ቋጠረ። በመጨረሻ ጫማ ሠሪው ያን ጫማ በቢላ ለሁለት ሰነጠቀና አዲስ እንጨት አነሣ። «ፎርማ ለእግር ይሠራል እንጂ፣ እግር ለፎርማ አይሠራም» አለ፤ ለማንም ሳይሆን ለራሱ። ከዚያን ቀን ወዲህ ወንድሟ የሱቅ ጫማ አድርጎ አያውቅም። መጀመሪያ አባቷ፣ ኋላም ወስፌ፣ በየጊዜው ቀጭን ፎርማ እየቀረጹ ሲሠሩለት ኖረዋል።

እንግዲህ የዘንድሮውን ነገር የጀመረችው የወንድሟ ልጅ ናት። ዩኒቨርሲቲ ትማራለች፤ ለአክስቷ የዓይኗ ብሌን ናት። «የዘር ሐረጋችንን ላወጣ ነው» ብላ፣ ቤት ውስጥ የሚደረግ የዲኤንኤ ምርመራ ሦስት ሣጥን አስመጣች። አንዱ ለራሷ፣ አንዱ ለአክስቷ፣ አንዱ ደግሞ ሌላ ከተማ ለሚኖረው ለሾፌሩ። ሾፌሩ የጫማ ሠሪው የወንድም ልጅ ነው። አባቷን ብትጠይቀው «እኔ ማን እንደ ሆንኩ አውቃለሁ» ብሎ ሳቀባት።

«አክስቴ፣ እዚህች ብልቃጥ ውስጥ እስከ መስመሩ ድረስ ትፊልኝ።»

«ስንቱ ላይ በነጻ ስተፋ ኖሬ፣ ዛሬ ደግሞ በፖስታ?»

«ኧረ ትፊ! መሳቅ የለም፤ አረፋ አይቆጠርም።»

ተፋች። የእኔ ምራቅ ስለ እኔ እንጂ ስለ ሌላ ሰው ምን ሊናገር ይችላል ብላ ነበር። የተሳሳተችው እዚህ ላይ ነው።

ሾፌሩ ብልቃጡን መኪናው ውስጥ ሁለት ሳምንት ረስቶት ስለ ነበር፣ የሁለቱ ሴቶች ውጤት ቀድሞ ደረሰ። ልጅቱ ስልኳን አይታ ደነገጠችና ሳታሰላስል ለአባቷ ነገረችው። እሷና አክስቷ በሥጋ አይዛመዱም። ከዚያም ለአክስቷ እያለቀሰች ደወለች። ወስፌ «አይዞሽ፣ ስልክ ነው የሚያወራው» ብላ አጽናናቻትና፣ ስልኩን ዘግታ መደርደሪያውን ለረጅም ጊዜ ስታይ ቆየች።

ፋርማሲስቱ አንድ ቀን ነገሩን ሲያወጣና ሲያወርድ ዋለ፤ ከቤቱ ያልተወለደችው እህቴ ናት ብሎም ደመደመ። በማግሥቱ መጣ። የአባታቸው መቃብር ሲሚንቶ ስለ ተሰነጠቀ በእምነ በረድ ሊተኩት ተስማምተው ነበር፤ ድንጋይ ጠራቢው የሚቀረጸውን ጽሑፍ ይጠብቃል።

ገና ሲገባ የግራ ጫማው ተረከዝ ሲንቋቋ ሰማችው። «አውልቅ» አለችው። ሰላምታቸው ሁልጊዜም እንዲህ ነው። አወለቀና በአንድ እግሩ ካልሲ ብቻ አድርጎ የደንበኞች በርጩማ ላይ ተቀመጠ።

«እንደምን ዋሉ?» አላት።

ወስፌ ሚስማሯን ከከንፈሯ አወጣች። «ከመቼ ወዲህ ነው አንቱ የሆንኩት? ምራቄ ፖስታ ቤት ዞሮ ከመጣ ወዲህ?»

«እታለም፣ በቀልድ የምናልፈው ነገር አይደለም። ውጤቱን ሰምተሻል።»

«ሰምቻለሁ።»

«እኔ በአንቺ ላይ ክፉ አልናገርም፤ አንቺ ነሽ ለዚህ ያበቃሽኝ። ግን ስም ከመቃብር በላይ ይውላል። የአባቴ ድንጋይ ላይ ሐሰት አይጻፍም።» ከኪሱ ወረቀት አውጥቶ አነበበ። «‹ይህን ያሠሩለት ልጁና ያሳደጋት።›»

ወስፌ አንድ ሚስማር መታች። «ድገመው።»

«‹ልጁና ያሳደጋት።›»

«አይጻፍም።»

«እታለም...»

«አይጻፍም አልኩህ። ‹ልጆቹ› ነው የሚባለው። አንዲት ቃል ናት፤ ለድንጋይ ጠራቢውም ትቀለዋለች።»

«ሳይንስ እኮ ነው የምነግርሽ! ይህን ነገር የተማርኩት ሰው ነኝ። ዘር ከልጓም ይስባል ሲባል ዝም ብሎ አይደለም።»

«ልጓም ለበቅሎ ነው። እኔን የሳበኝ ይሄ ወንበር ነው፤ አንተንም እንደዚሁ።»

«እኔን እዚህ ውስጥ ምን ከተተኝ? የእኔ ጉዳይ ግልጽ ነው!»

ቃሉ ምላሷ ጫፍ ላይ ደረሰ። አንድ ትንፋሽ ብቻ ነበር የቀረው፤ ትንፋሹ ቢወጣ ይህ በርጩማው ላይ የተኮፈሰ ሰው እንደ ተቀደደ ሶል ይከፈት ነበር። ደግሞም ይገባዋል አለች በሆዷ። ከዚያ ቀና ብላ መደርደሪያውን አየችና፣ ቃሉን ልክ እንደ ሚስማር በምላሷ መልሳ ወደ ጉንጯ ሸጎጠችው።

«እምቢ ብትዪስ?» አለ ወንድሟ። «ድንጋዩን ያዘዝኩት እኔ ነኝ።»

«እዘዛ! ያ ቃል የተጻፈበት ድንጋይ አባቴ ላይ ከተጫነ፣ ይችን መዶሻ ይዤ እሄድና ፊደሉን አንድ በአንድ አረግፈዋለሁ። በጠራራ ፀሐይ፣ ሰው እያየኝ።»

«ለአንዲት ቃል?»

«ለአንዲት ቃል። በዚያ ቤት ‹ያሳደጉት› የሚባል ሰው ኖሮ አያውቅም። ልጅ ነው የነበረው። ልጅ!»

ይህን ስትል ልጅቱ ስልኳን ጨብጣ እያለከለከች ገባች።

«አባዬ! ተሳስተናል! የሾፌሩ ውጤት ደረሰ፤ አክስቴና እሱ የወንድማማች ልጆች ናቸው፤ ቁርጥ አድርጎ ነው የሚለው። አክስቴ የአያቴ ልጅ ናት ማለት ነው! እኔ ግን ከሾፌሩም ጋር—»

«አንቺ ልጅ!» አለች ወስፌ።

ልጅቱ አፏን እንደ ከፈተች ቀረች። አክስቷን አየች፣ አባቷን አየች፤ ያነበበችው ነገር ለራሷም ገና ያኔ ገባት።

ፋርማሲስቱ ሞኝ አልነበረም። በካልሲ ብቻ ያለችውን እግሩን ተመለከተ፤ ቀጭን፣ ረጅም። ከዚያ ቀስ ብሎ ዓይኑን ወደ መደርደሪያው አነሣ። ሰፊው ፎርማ፣ ታናሹ ሰፊ ፎርማ፣ ከእነሱ ቀጥሎ ደግሞ የእሱ። ዕድሜውን ሙሉ ሲያያቸው ኖሯል። ወረቀቱ ከእጁ አመለጠውና ወለሉ ላይ ወደቀ።

ወስፌ አነሣችው። ቆዳ በምታሰምርበት እርሳስ የመጨረሻዎቹን ሁለት ቃላት ሰርዛ አንዲት ቃል ጻፈችበት።

«ታዲያ...» አለ ድምፁ ቀጥኖ፣ «ታዲያ ‹ያሳደገው› የሚባለው...»

«አይባልም!» መዶሻዋን ወንበሩ ላይ አሳረፈችው። «ለማን ብዬ ስጨቃጨቅህ የቆየሁ መሰለህ? ለእኔማ ቢሆን ‹ወስፌ› ብለህ ብትጽፍም አይሞቀኝ አይበርደኝ። ‹ልጆቹ› ነው የሚለው። ምራቅ የሚመረምሩት ሰዎች ቅር ካላቸው መጥተው ይንገሩኝ፤ ጫማቸውንም በዚያው እጠግንላቸዋለሁ።»

ልጅቱ መሳቅም ማልቀስም አቃታት። ወስፌ ጫማውን ጉልበቷ ላይ ገልብጣ የቀሩትን ሚስማሮች መምታት ጀመረች። ጠቅ፣ ጠቅ።

«ስንት ዓመትሽ ነበር?» አላት ወንድሟ።

«ሰባት። መዶሻውን ያቀበልኩት እኔ ነኝ።»

ጠቅ፣ ጠቅ። የተረከዙን ጠርዝ ሞርዳ፣ ወረቀቱን አጥፋ ጫማው ውስጥ ከተተችና አቀበለችው። ወረቀቱን አወጣው። አልዘረጋውም፤ አልቀደደውምም። የደረት ኪሱ ውስጥ አስገባው። እግሩን ጫማው ውስጥ ሲያገባ ገጥሞ ገባ፤ ልኩ ነበር። ጫማ ሠሪው ሁለቱንም እንዳስተማራቸው ክሩን ሁለት ጊዜ አዙሮ አሰረው።

«አባዬ» አለች ልጅቱ።

ተነሣ። ወስፌ የሚቀጥለውን ደንበኛ ጫማ አንስታ ሚስማሮቿን ከንፈሯ ላይ መደርደር ጀምራ ነበር። መዶሻው አልቆመም። ፋርማሲስቱም በማይንቋቋው ተረከዙ እየረገጠ፣ ደህና ዋይ ሳይላት ከሱቁ ወጥቶ ወደ ድንጋይ ጠራቢው አመራ።