የሥራ ግብር ወረቀት

በዚያ ክረምት ከላሊበላ በታች ያለው የመንግሥት ችግኝ ጣቢያ ለአንድ ተማሪ ብቻ ሥራ ነበረው፤ እርከን የሚሠሩትን ገበሬዎች እየቆጠሩ መመዝገብ። እኔና አንድ የክፍል ጓደኛዬ ሁለታችንም ዲያቆናት ስለነበርን ሥራውን እንደ ቤተ ክርስቲያን አገልግሎት በሰሞን ተካፈልነው። እሱ ሰሞነኛ ሆኖ ሲያገለግል እኔ እመዘግባለሁ፤ በሚቀጥለው ሳምንት እንለዋወጣለን። የጣቢያው ኃላፊ የደሴ ሰው ነበሩ፤ “መዝገቡ ካልጎደለ ማንም ይጻፈው” አሉን። በደመወዝ መክፈያው ላይ የሰፈረው ግን የጓደኛዬ ስም ብቻ ነው፤ አሥራ ስምንት ዓመት የሞላው እሱ ነበርና።

ነሐሴ መጨረሻ ላይ ገንዘብ ያዡ ከወልዲያ መጣ። የሁለታችን ድካም በአንድ ስም ስለተደመረ ግብር ከማይነካው መጠን አልፎ ነበር። ለየብቻችን ብንጻፍ ኖሮ ሳንቲም አይቆረጥብንም ነበር። “ተማሪም ቢሆን ይህን ያህል ካገኘ የሥራ ግብር ይከፍላል” አለና የቆረጠበትን ወረቀት ማኅተም መትቶ ሰጠን። የቀረውን እኩል ተካፈልን። የተቆረጠው ጥቂት ቢሆንም እኔ ሦስት ቀን አኮረፍኩ። በዚያ ዘመን መንግሥትን ማኩረፍ የሚቻለው በሆድ ብቻ ነበር።

ጓደኛዬ ግን ግድ አልሰጠውም። አባቱ ሞተው እናቱና ሁለት እህቶቹ እሱን ነው የሚያዩት። መስከረም ላይ የገበሬ ማኅበሩ መሬት ሲያሸጋሽግ ለአካለ መጠን የደረሰ ሁሉ የራሱን ድርሻ ያገኛል ተብሎ ነበር። ሐሳቡ እዚያ ላይ ነበር።

በእኛ አገር የገበረ ነው ባለመሬት። አያቶቻችን በመሬት ሲካሰሱ ዳኛ ፊት የሚያቀርቡት የግብር ደረሰኝ ነበር፤ አባቴም የእሳቸውን ከዳዊታቸው ማኅደር አያወጡትም። ስለዚህ “ይችን ወረቀት ይዘህ ግባ፤ መገበርህን ይዩልህ” አልኩት።

“ይኼ የመሬት አይደለም እኮ።”

“ግብር ግብር ነው” አልኩት። ከክፍል አንደኛ የምወጣው እኔ ስለነበርኩ አመነኝ።

የሽግሽጉ ስብሰባ ዕለት እኔ በሩ አጠገብ ቆሜ ነበር። ጓደኛዬ ነጠላውን አደግድጎ ወረቀቱን በሁለት እጁ ሰጠ። የማኅበሩ ጸሐፊ አነበበና ለሊቀመንበሩ አቀበላቸው።

“ደመወዝተኛ ነህ ማለት ነው” አሉት። “የመንግሥት ደመወዝ የሚበላ ከገበሬ ጋር መሬት አይካፈልም።”

“የክረምት ሥራ ነው፣ ጓድ ሊቀመንበር። አልቋል።”

“ተማሪ በክረምት ይህን ሁሉ ያገኛል? ብቻህን ነው የሠራኸው?”

ግማሹ የእኔ ነው ማለት ነበረብኝ። አምስት እርምጃ ወደፊት መራመድና አንድ ዓረፍተ ነገር መናገር ብቻ ነበር። ጓደኛዬ ዞሮ አላየኝም። “ብቻዬን ነው” አለ። ጸሐፊው ስሙን ሰረዘው።

ውጪ ስንወጣ ለምን እንዳልተናገረ ጠየቅሁት፤ እኔ ራሴ እንዳልተናገርኩ ሁሉ።

“አንተንም መሬት ከሚታደልበት ከአባትህ ቤተሰብ ቁጥር ያወጡህ ነበር” አለኝ። “ሁለት ቤት ከሚጎዳ አንድ ቤት ይጎዳ።”

እውነቱን ልናገር፣ ስሙ ሲሰረዝ የተሰማኝ እፎይታ ነው። ሐዘኑ በኋላ መጣ፣ ከሐዘኑም በኋላ እፍረቱ። ዝም አይነቅዝም ይላሉ፤ የእኔ ግን ነቅዟል።

በጥቅምት ትምህርቱን ትቶ ለጥጥ ለቀማ ወደ አዋሽ ወረደ። እናቱ ቅዳሜ ገበያ ባገኙኝ ቁጥር ስመው ይይዙኝና “ለእኔስ አልጻፈልኝም፤ ላንተ ጻፈልህ?” ይሉኝ ነበር። አልጻፈልኝም።