የፎቶ ቤቱ ቀይ ቀሚስ

ልጄ የእናቴን ፎቶ ከአልበሙ አወጣችና፣ "አያቴ በቀይ ቀሚስ እንዴት ታምር ነበር! ደስተኛ ነበራችሁ ማለት ነው" አለችኝ።

ቁስቋም አጠገብ ወደነበረው ፎቶ ቤት የሄድነው አባቴ በተቀበረ በሳምንቱ ነው። ሩቅ አገር የሚማረው ወንድሜ ፎቶ ላኩልኝ ብሎ ነበር። አጎቴ ፈተናውን እስኪጨርስ መርዶውን አይስማ አለና፣ "አባትህ አይከል ገበያ ሄዷል" ብሎ ጻፈለት።

ሽማግሌው ፎቶ አንሺ የእናቴን ከል አየ። "ጥቁርና ነጭ ቢሆን ከልሽ ባልተለየ ነበር። ይሄ አዲሱ ግን ከለር ነው፣ ያጋልጣል። አውልቂው እቴ" አላትና ሙሽሮች የሚነሱበትን ቀይ ቀሚስ ከነደማቅ ሻሹ ከግድግዳው አወረደላት። ቀሚሱ የሰው ላብ ላብ ይሸታል።

እናቴ ለብሳው ከጎኔ ቆመች። "አያ፣ ሟቹ ምን ይለኛል?" አለችው።

"ሟች አያይም። የሚያየው ልጅሽ ነው። በይ ፈገግ በይ።"

ፈገግ አለች።

ወንድሜ መርዶውን የሰማ ለት ፎቶውን መልሶ ላከው። ከዚያ ወዲያ እናቴ ብሎ አልጻፈላትም፤ ለቀብሯም አልመጣም።

ልጄ ፎቶውን በስልኳ አንስታ ለጓደኞቿ ላከችው። ከደማቁ ሻሽ ሥር ያለው ራስ ለሐዘን የተላጨ መሆኑን አልነገርኳትም።