ከመርዶው በፊት የተነበበው ገጽ

የቫዮሊን ክር ሲቃኝ የሚያወጣው ያ ሲጥ የሚል ድምፅ ድንገት ጆሮዬ ከገባ፣ ዛሬም የክንዴ ጠጉር ብድግ ይላል። ሰው «ሙዚቃ አትወጂም እንዴ?» ይለኛል። እወዳለሁ፤ ቅኝቱን ነው የማልወደው። በአሥራ አንድ ዓመቴ ሪቻርድሰን ውስጥ ያን ድምፅ በሰማሁ ምሽት እናቴ ያደረገችውን ነገር እስካሁን ለማንም በቅጡ አስረድቼ አላውቅም፤ ለራሴም ቢሆን።

ከዳላስ ወደ ጎረቤቷ ከተማ ወደ ሪቻርድሰን የገባነው አስፋልቱ በሚቀልጥበት በሰመር ነበር። አባቴ ኤርፖርት አካባቢ መንገደኛ የሚያመላልስ ሸትል ይነዳ ነበር፣ እናቴ ደግሞ ነርሲንግ ሆም ውስጥ ሽማግሌዎችና አሮጊቶች ታጥብና ታበላ ነበር፤ እነሱ ሥራ ሲውሉ እኔ ከአፓርታማችን ጀርባ ወዳለው ላይብረሪ እየሄድኩ እውል ነበር፣ እውነቱን ለመናገር መጽሐፍ ወድጄ ሳይሆን የኤሲው ቅዝቃዜ ስለሚያንቀጠቅጥ ነው። እሁድ ግን የትም አልሄድም ነበር፤ እሁድ አጎቴ ወርቁ ከደሴ የሚደውልበት ቀን ነው። ወርቁ የእናቴ ታላቅ ወንድም ነው፤ እናትና አባታቸው ሲሞቱ ትምህርቱን ጥሎ፣ ጋራዥ ተቀጥሮ ያሳደጋት እሱ ነው። እናቴም ድምፁን ስትሰማ ከሶፋው ተነስታ፣ ነጠላዋን አስተካክላ፣ ቆማ ነበር የምታናግረው። አባቴ «ሴትዮ፣ በስልክ አያይሽም እኮ» እያለ ይስቅባት ነበር፣ እሷም በእጇ ዝም በል ትለውና ወሬዋን ትቀጥል ነበር።

ቅጠል መርገፍ ሲጀምር ላይብረሪው የከተማው ሰው ሁሉ አንድ መጽሐፍ እንዲያነብ ጥሪ አደረገ። መጽሐፉ ከብት እየነዱ ወደ ሰሜን ስለሚጓዙ ፈረሰኞች የተጻፈ የድሮ ልብ ወለድ ነበር፤ በወር አንድ ሐሙስ አመሻሹ ላይ ሰው ይሰበሰብና፣ ሕንዱም ቻይናውም ሜክሲኮውም ተራ በተራ እየተነሳ አንዳንድ ገጽ ጮክ ብሎ ያነባል፣ በመሃል በመሃሉ አንድ ባለ ትልቅ ባርኔጣ ሽማግሌ ቫዮሊን ይጫወታል። እናቴ እንግሊዝኛው ግማሹ ያመልጣት ነበርና «ማለቴ፣ ከብት ገበያ ለማድረስ ነው ይሄ ሁሉ ገጽ?» እያለች ትቀልድ ነበር፤ ሆኖም አንድም ሐሙስ አትቀርም፣ ሙዚቃው ሆዷን ያባባዋል።

ብርዱ ገብቶ መንገዱ በረዶ የሠራ ሰሞን፣ የላይብረሪው ኃላፊ ለመዝጊያው ምሽት የማነበውን ገጽ ሰጠችኝ። ከብት ነጂዎቹ በትኩሳት የሞተ ጓደኛቸውን ቀብረው፣ «ለቤተሰቡ ማን ሄዶ ይንገር?» እያሉ የሚከራከሩበት ገጽ ነበር። እናቴን ላስገርማት ፈልጌ፣ መታጠቢያ ቤት ገብቼ በሩን ቆልፌ፣ መስታወት ፊት ቆሜ እለማመድ ነበር። ሳምንት ሙሉ የሰው ሞት አንብቤ አንድ ቀን እንኳ ሆዴ አልባባም፤ ልጅ ምን ያውቃል።

ጸደይ ገባ፣ የመዝጊያውም ሳምንት ደረሰ። ማክሰኞ ከትምህርት ቤት መጥቼ እየበላሁ ሳለ አባቴ ስልክ አነሳ፣ ከዚያም ግድግዳውን ተደግፎ ቀስ እያለ መሬት ላይ ተቀመጠ። ወርቁ ሞቷል፤ ሲጠግነው በነበረ መኪና ሥር ልቡ ቀጥ ብሏል። እናቴ ሥራ ላይ ነበረች። አባቴ የዕድሩ ሊቀመንበር ለሆኑት ለጋሽ ደምሴ ደውሎ ተማከረ፣ እሳቸውም እንደ ወጉ ቅዳሜ ንጋት ላይ ሰው ሰብስበው መጥተው እንደሚያረዷት ተናገሩ። ሰው ከሥራ ኦፍ የሚሆነው ቅዳሜ ነው፤ ደግሞስ ብቻዋን እንዴት ትስማው። አባቴ ሁለት ጉንጬን ይዞ «ሊዲያ፣ ትንፍሽ ብትዪ አንቺን አያድርገኝ። እናትሽ ደጋፊ በሌለበት ከሰማችው ትወድቃለች፣ ገባሽ?» አለኝ። ገባኝ። ያን ሌሊት እናቴ ከሥራ ገብታ ስትስመኝ የተኛሁ መሰልኩ።

ሐሙስ ብንቀር ትጠረጥራለች ተባለና፣ የመዝጊያው ምሽት ወደሚደረግበት የከተማው አዳራሽ በመኪና ሄድን። አባቴ ከጎኗ ተቀመጠ፣ በሌላው ጎኗ ያለው ወንበር ላይ ቦርሳዋን አስቀመጠች። ተራዬ ሲደርስ ወጥቼ ቆምኩ፣ ሽማግሌውም ከበስተ ኋላዬ ክሩን ያን ሲጥ የሚል ድምፅ እያሰማ ቃኘ። ማንበብ ጀመርኩ። የሞተው ሰው ስም ጋ ስደርስ ቀና ብዬ እናቴን አየኋት። እሷ እኔን አታይም ነበር። ቦርሳዋን ከወንበሩ ላይ አንስታ ጭኗ ላይ አደረገች፣ ከመቀመጫዋ ብድግ ብላ፣ አንገቷን ሰበር አድርጋ፣ ቀስ ባለ ድምፅ «ኖር» አለች። እኔ የቆምኩት በሩን ፊት ለፊት እያየሁ ነው። በሩ ዝግ ነበር፤ ማንም አልገባም። አባቴ ክንዷን ሳብ ሲያደርጋት ተቀመጠች፣ ከዚያ በኋላም እስከ መጨረሻው ሰውነቷን ወደ ባዶው ወንበር ጠጋ አድርጋ ቆየች። ገጹን እንዴት እንደጨረስኩት አላውቅም፣ ብቻ ሰው አጨበጨበ።

ስንመለስ፣ መኪና ውስጥ ሃይዌይ ልንገባ ስንል እናቴ ፊቷን ሳታዞር «ያ የሞተው ሰውዬ እህት ነበረችው?» አለችኝ። አባቴ በመስታወቱ ውስጥ ዓይኑን ተከለብኝ። «መጽሐፉ አይልም፣ እማዬ» አልኩ። «ብትኖረው ይነግሯት ነበር» አለች። ፈራኋት። የገዛ እናቴን ፈራኋት።

ዓርብ ከትምህርት ቤት ስመጣ ሥራ ቦታዋ ኮል አድርጋ፣ አሞኛል ብላ ቀርታ አገኘኋት። ምንጣፉን አራግፋ፣ ሶፋውን ግድግዳ አስጠግታ፣ ከጎረቤት ታጣፊ ወንበር እየለመነች ትደረድር ነበር። «እንግዳ አለ እንዴ?» ስላት «ሰው መቼ እንደሚመጣ አይታወቅም» አለችኝ። አባቴ ገብቶ ወንበሮቹን ሲያይ ፊቱ አመድ መሰለ፣ እኔንም ኮሪደር ላይ ጎትቶ «ምን አልሻት?» አለኝ። «ምንም! እግዜርን ምንም!»

ቅዳሜ ገና ሳይነጋ መኪኖቹ መብራታቸውን አጥፍተው አፓርታማው ግቢ ውስጥ ተራ በተራ ፓርክ አደረጉ። ጋሽ ደምሴ በሩን ሊያንኳኩ እጃቸውን ሲያነሱ እናቴ ከፈተችው። ጥቁር ለብሳ፣ ነጠላዋን አዘቅዝቃ ነበር። «ግቡ፣ ብርድ ላይ አትቁሙ» አለች። ጋሽ ደምሴ ያነሱትን እጃቸውን አወረዱ። «አውቄዋለሁ፣ ጋሼ። እናንተም እንዳትቸገሩ ብዬ ነው የጠበቅኳችሁ» አለችና፣ ያን ጊዜ ብቻ፣ «ወንድሜን! አባቴን!» ብላ ደረቷን መታች። ቤቱ በለቅሶ ሲሞላ አባቴ ከሰው ሁሉ መሃል እኔን ነበር የሚያየው። እኔ እንደነገርኳት ቆርጧል። ማታውን እግሩ ሥር ተንበርክኬ እያለቀስኩ ብምልም አላመነኝም፤ ከዚያ ወዲያ ምስጢር ያለው ወሬ ሲያወራ እኔ ከገባሁ «ቆይ፣ ሬዲዮዋ መጣች» እያለ ያስቅብኝ ነበር። እናቴን አንድ ጊዜ ማን ገብቶ ነው የተነሳሽው ብዬ ብጠይቃት «ተይው» ብላ ምስሯን መልቀም ቀጠለች።

ዛሬ መርዶ የሚባል ነገር የለም ማለት ይቻላል፤ ሬሳው ሳይነሳ ፎቶው ከሻማ ጋር ስልክሽ ላይ ይመጣል፣ አንቺም ሥራ ቦታ ቆመሽ ታነቢዋለሽ። የሚደብቅልሽ ሰው ማግኘት ራሱ ዕድል ነበር፣ ያኔ አልገባኝም።

ባለፈው ወር አባቴን ለልብ ምርመራ ፎርት ዎርዝ ይዤው ሄድኩ። ውጤቱን እየጠበቅን «ሰሞኑን እናትሽ ታየኛለች» አለኝ።

«እንዴት ታይሃለች?»

«እንዲሁ። ሥራዋን ትታ ቁጭ ብላ ታየኛለች። ትናንት ሳልጠይቃት ጥቁሩን ሱፌን ላውንደሪ ሰጠችው።» ጉልበቱን እያሻሸም፣ «ሊዲያ፣ ያኔ የነገርሻት አንቺ ነሽ አይደል?» አለኝ።

ፊቱን አየሁት። ምን እንድለው እንደፈለገ ገባኝ፤ እናቴ ሰው ሳይነግራት ሞት እንደማታውቅ።

«አዎ አባዬ» አልኩት፣ «ሐሙስ ማታ እኔ ነኝ የነገርኳት።»

«ይኸው! እኔ እኮ አውቄያለሁ» ብሎ ሳቀ፣ ወንበሩንም ተደግፎ በረጅሙ ተነፈሰ። ያኔ እውነቴን እንዲያምነኝ ተንበርክኬ ለምኜው እምቢ ያለኝ አባቴ፣ ዘንድሮ ውሸቴን በአንድ ቃል ሲቀበለኝ ደስ አለኝ።